ሰው የተበደረው ሀብታም

ዛሬ ረፋድ ላይ ቆቦ ሜዳ ላይ ደመናው ሲጠቁር፣ የሰፈራችን ሀብታም ሰይድ የታጨደ ጤፉ መሀል ብቻውን ቆሞ ስልክ ይደውል ነበር።

ያልተከመረ ጤፍ ዝናብ ካገኘው አለቀለት። ሰይድ ደግሞ የሰው ደቦ ሄዶ አያውቅም፤ "ቀጥሬ አሠራለሁ" ባይ ነው። ዛሬ የሚቀጠር ጠፋ። (ሁለቱ መኪኖቹ ግን በሰዓቱ ተገኝተዋል።)

መንደሩ በሙሉ ለደቦ ጎረቤቱ እማማ ዘሀራ ማሳ ላይ ነን። ከዚያች ማሳና ከአንዲት ፍየል በቀር ምንም የላቸውም። ጤፋቸውን ከምረን ጨርሰናል።

ሰይድ እየሮጠ መጣ።

"እማማ፣ በአላህ!"

"ምነው ሰይዶ፣ አንተም ቸገረህ? ሰው እንደሆነ ተርፎኛል፤ ላበድርህ። ግን ማሽላዬ ሲደርስ በገዛ እጅህ አጭደህ ትመልሳለህ።"

"ወላሂ እመልሳለሁ!"

ሄደን ከመርንለት፤ ጤፉ ተረፈ። እኛም ሰይድን ማጭድ ይዞ እስክናየው ማሽላው ዘግይቶብናል።

እናንተ ሰፈርስ፣ ሰው የሚያበድር ሀብታም ማን ነው?