የምድጃው ዋስ

የፋብሪካው ወረቀት ለዚያ ምድጃ ዋስ የሆነው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢቃጠል፣ ቢዝግ፣ ቢሰነጠቅ አላውቅም ይላል። ያኔ ፊደል ስላልቆጠርሁ ያነበበልኝ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነው። ዛሬ ራሴ አነባለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል። ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ ዓመት ሲሞላው እጁን ታጥቦ ሄደ፤ በነገሩ የሌለንበት እኛ ደግሞ ፍዳውን አየን።

እኔ ቀጥቃጭ ነኝ። ባለቤቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። በእኛ ወገን ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ አፈር ታቦካለች፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። ከደብረ ማርቆስ እስከ የጁቤ ድረስ በእኔ ማረሻ ያላረሰ ገበሬ፣ በእሷ ማሰሮ ያልቀቀለች ሴት ጥቂት ናቸው። ይህም ሆኖ ቡዳ ናችሁ ይሉናል። ማረሻውን ተቀብሎ የመረቀኝ ሰው ልጁን ስመለከት ካየኝ በጋቢው ይሸፍነዋል። ጠላ ቢሰጡን ለእኛ በተለየች ቅል ነው፤ ቅሏ ከበር ጀርባ ለብቻዋ ትሰቀላለች። ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። ኋላ የሆነው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ጣሊያን ከተማችንን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ባለቤቴን የሻምበሉን ቤት እንድታጸዳ ወሰዷት። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ሻምበሉ የሚኖረው ጉብታው ላይ፣ ዙሪያውን በታጠረ አዲስ ቤት ነው። ምድጃው በሉማሜ መንገድ በካሚዮን ተጭኖ የመጣው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ከላይ አራት ክብ የብረት ሰሌዳዎች ያሉት፣ እንጨት የማይበላ ምድጃ። ግቢው ውስጥ ያለው ሞተር ሲነሣ በሽቦ ኤሌክትሪክ ይመጣለትና ሰሌዳዎቹ ይግላሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን ማታ ስትመጣ፣ ፍም የለው፣ አመድ የለው፣ ብቻ ይግላል ብላ ነገረችኝ። አላመንኋትም ነበር።

በዚያ ክረምት አርበኞች መንገዱን ዘጉት። ነዳጅ አልመጣም፤ ሞተሩም ስንትና ስንት ቀን ሳይነሣ ይውላል። የእኛን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉም ይገባል፣ ጉሙ ሲገለጥ ዝናቡ ይመለሳል፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ ብረት ሁሉ ይዝጋል። ያ ባለ አራት ዓይን ምድጃም ዛገ። የሻምበሉን ምግብ የሚሠራው ወታደር ዝገቱን አይቶ ትከሻውን ሰብቆ አለፈ። ባለቤቴን ግን ብረቱ አሳዘናት። ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ስትሠራና ስታሟሽ የኖረች ሴት ናት። ሞተሩ በተነሣ በአንድ ጠዋት ሰሌዳዎቹን ፈግፍጋ አጋለቻቸው፤ ጎመንዘር ወቅጣ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ልክ እንደ አዲስ ምጣድ እያሸች አሟሸቻቸው። ማንንም አላስፈቀደችም። ምጣድ ለማሟሸት ማን ያስፈቅዳል? ቤቱ በጭስ ታፈነ። ሻምበሉ እያሳለ መጥቶ ጮኸባት። ጭሱ ሲወጣ ግን ሰሌዳዎቹ ጠቁረው ወዝተው ነበር፤ ዝገትም ዳግመኛ አልነካቸውም።

እኔ ብረት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያደረገችው ልክ ነበር። ብረት ላይ የተቃጠለ ቅባት ለብረቱ ልብሱ ነው። ዋስትናው ያለቀበት ዕቃ እንዲበረክት ከተፈለገ መደረግ ያለበት ይኸው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ያሰበ ከእሷ በቀር አልነበረም።

ከስምንት ቀን በኋላ አንዱ ሰሌዳ አልግልም አለ። በማግስቱ ሌላው ተከተለው። ወታደሩ ጊዜ አላጠፋም፤ ሴትዮዋ የሆነ ነገር ቀብታው ነው አለ። ሻምበሉ የፋብሪካውን ወረቀት አስወጥቶ አየ፤ ዓመቱ ከሞላ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ባያልፍስ ምን ይረባዋል? የፋብሪካው ሰው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ መንገዱ ዝግ ነው። በፋብሪካው ላይ ሊወጣ ያልቻለው ንዴት በሚስቴ ላይ ወጣ። አስተርጓሚው የዚሁ የማርቆስ ሰው ነበር፤ እሱም የራሱን ጨመረበት። የቀጥቃጭ ሚስት ናት፣ ዓይኗ ያረፈበት ነገር አይበረክትም ብሎ ነገረው። ሻምበሉ በእንዲህ ያለ ነገር ያምን ነበር ብዬ አላስብም። ግን ተመቸው። አሻጥር ነው ብለው አሰሯት።

የታሰረችበት ቤት የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ጭቃ ነው። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማት ስለነበር እርጥበት አይስማማትም፤ አራት ቀን ሳትሞላ ብድግ ማለት አቃታት። ስንቅ ሳቀብል ግድግዳ ተደግፋ ለመነሣት ስትታገል አየኋት። እዚያ ቤት ብትከርም በእግሯ እንደማትወጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ምናልባትም ጨርሶ እንደማትወጣ።

ከከተማው ሰው ዋስ ካመጣህ ትለቀቃለች አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነበርሁ። በእኛ አገር በሬ እንኳ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፤ ሰው ለሰው ዋስ ሲሆን እያየሁ ነው ያደግሁት። ለሃያ ዓመት ማረሻ የሠራሁላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቃላቸው የሚሰማ ትልቅ ባላገር። በዝናብ ሄጄ ደጃቸው ቆምሁ። አስገቡኝ፤ ከበር ጀርባ ያለችው ቅል ወርዳ ጠላ ተቀዳልኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኋቸው።

"ለበሬ ብትለኝ ዋስ እሆንልህ ነበር" አሉኝ።

"ከበሬ ታንሳለች ወይ፣ አባቴ?"

"እሱን አላልሁም። ሰው ምን ይለኛል ነው የምልህ።"

ጠላውን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ዘንድ ሄጃለሁ። አንዱ አሞኛል አለ፣ አንዱ የለም አሰኘ፣ አንዱ አጥሩን ሳይከፍት በላዩ ላይ አናገረኝ። የሦስቱም ማጭድ የእኔ ሥራ ነበር። ከሻምበሉ ይልቅ በእነሱ ነደድሁ። ሻምበሉ ባዕድ ነው፣ ሊገዛን መጥቷል፣ ከእሱ ምን ይጠበቃል? እነዚህ ግን የሚበሉትን እንጀራ በእኔ ብረት አርሰው፣ በእኔ ብረት አጭደው ነው ያገኙት።

በማግስቱ ዋስ እንዳጣሁ ለባለቤቴ ስነግራት አላለቀሰችም። እንዲያውም ያላሰብሁትን ነገር አነሣችልኝ።

"ያ ወታደር ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ማካሮኒውን ያገነፍለዋል" አለችኝ። "ጨው ያለበት ውሃ ነው። የት እንደሚወርድ ከሥሩ እይ። እኔ የቀባሁት ከላይ ነው።"

አስተርጓሚውን ለምኜ ሻምበሉ ፊት ቀረብሁና ምድጃውን ልጠግነው አልሁ። ሻምበሉ ሳቀ። ከፋብሪካው ሰው በቀር ሌላ እጅ ከከፈተው ዋስትናው ይፈርሳል የሚል ወረቀቱ ላይ አለ ተባልሁ። ካለቀ ሳምንታት አልፎታል አላላችሁም ወይ፣ ታዲያ ምኑ ነው የሚፈርሰው አልኋቸው። አስተርጓሚው ይህን ምን ብሎ እንዳደረሰው አላውቅም፤ ብቻ ፈቀዱ። ካቻቢቴና ፒንሳ አዋሱኝ። ያ ሽቦ ሰው እንደሚገድል ሰምቼ ስለነበር ሞተሩ መጥፋቱን ራሴ ሄጄ አየሁ። ስሠራ አንድ ወታደር ጠመንጃ ይዞ ከኋላዬ ቆመ።

ምድጃውን አጋድሜ የሥሩን ላሜራ ስፈታው ነገሩ ሁሉ ተገልጦ ታየኝ። የገነፈለው ውሃ በሰሌዳዎቹ ጠርዝ ወርዶ ሽቦዎቹ ላይ ደርቋል። ጨው ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ እንደ ዶቃ የተሰኩባቸው ነጫጭ ሸክላዎች ተሰባብረው፣ ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቶ ተቃጥሏል። የባለቤቴ ጎመንዘር ጠብታው እንኳ እዚያ አልደረሰም። ጠርቼ አሳየኋቸው። ምግብ የሚሠራው ወታደር ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። ለካስ እሷ አይደለችም የሚል ቃል ከአንዳቸውም አልወጣም። ያን ጊዜ ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወርውሬ መውጣት አማረኝ። መጋዘኑን አስቤ ያዝሁት።

ሽቦውን መጠገን ለእኔ ቀላል ነው። የተበላውን ቆርጦ፣ ጨዉን ፍቆ፣ ጫፉን ጠምዝዞ በቡሎኑ ማሰር ነው። የቸገረኝ ዶቃው ነው፤ ከብረት አይሠራ፣ ከእንጨት አይሠራ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ከመታሰሯ በፊት ያቦካችው አፈር በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። በእኛ ዘንድ ወንድ ያን አፈር አይነካም፤ የነካ ወንድ የሰው መሳቂያ ነው። ነካሁት። በስንደዶ ላይ እየጠቀለልሁ ሽንብራ የሚያካክሉ ዶቃዎች ሠራሁ፤ ከምድጃዬ በላይ በጢስ አድርቄ ከሰል ውስጥ ተኮስኋቸው። ገሚሶቹ ፈነዱ። የእሷ እጅ ቢሆን አይፈነዱም ነበር። ውሃ ሊቀዱ የሚያልፉ ሴቶች በበሩ አይተውኝ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። ይሳቁ። በሦስተኛው ቀን ለሁለቱም ሰሌዳ የሚበቃ ጤነኛ ዶቃ ይዤ ጉብታውን ወጣሁ።

ሽቦዎቹን በዶቃዎቹ ሰክቼ ገጠምሁ። ፋብሪካው ያላሰበውን ደግሞ ጨመርሁበት፤ የሚገነፍለው ውሃ ወደ ሽቦው እንዳይሄድ ከላሜራ ቁራጭ ትንሽ አሸንዳ ቀጥቅጬ ከየሰሌዳው ሥር አሰርሁ። ሞተሩ ተነሣ፤ ሁለቱም ሰሌዳዎች ጋሉ። ሻምበሉ ውሃ አስጥዶ እስኪፈላ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሲፈላ ራሱን ነቀነቀና ለአስተርጓሚው ረጅም ነገር ተናገረ።

እሷ ዛሬ ትፈታለች አለኝ አስተርጓሚው። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ የምድጃው ዋስ ነህ። በየጠዋቱ እየመጣህ ታየዋለህ፣ ታጸዳዋለህ፣ ትቀባዋለህ። ከተበላሸ እሷ ወደ መጋዘኑ ትመለሳለች። እስከ መቼ ድረስ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ምድጃው እዚህ እስካለ ድረስ ተባልሁ። ያ ሁሉ መሐንዲስና ያ ሁሉ መኪና ያለው ፋብሪካ ከአንድ ዓመት በላይ ዋስ ለመሆን አልደፈረም። እኔ፣ አንድ ወናፍና አንድ መዶሻ ያለኝ ሰው፣ መጨረሻ በሌለው ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምሁ። የመጋዘኑ በር ሲከፈት መስማት ፈለግሁ።

አዝዬ ነው ያወጣኋት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሰው ከየደጁ ያየናል፤ እግዜር ያስፈታሽ ያላት አልነበረም። ቤት አስገብቼ እሳት ዳር አስተኛኋትና እግሯን በሞቀ ውሃ እያሸሁ ሁሉን ነገርኋት። የሽማግሌውን መልስ ነገርኋት። አፈሯን መንካቴን ስነግራት ሳቀች፤ ስንቱ ፈነዳብህ ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ አለ። ፋብሪካውን ሰደብሁ፣ ሻምበሉን ሰደብሁ፣ አስተርጓሚውን እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደብሁ። እሷ መሳቋን ትታ ሰማችኝ።

"ከተበላሸ የምመለሰው እኔ ነኝ?" አለች።

"አዎ። ግን አይበላሽም። በየቀኑ አየዋለሁ።"

"ዋሱ አንተ፣ የምታሰረው እኔ።"

ሌላ መንገድ አልሰጡኝም አልኋት። እግሯን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደች።

"እኔን እሰሩኝ ብለሃቸው እንቢ አሉህ?"

ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በየጠዋቱ ጉብታውን ወጣሁ። ምድጃው አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም፤ እሷም ወደዚያ መጋዘን አልተመለሰችም። ጥያቄውን ደግማ አላነሣችውም። በሻምበሉ፣ በሽማግሌውና በፋብሪካው ላይ ስናደድ ኖሬያለሁ፤ እስከ ዛሬም እናደዳለሁ። እሷን ግን መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። እንቢ አላሉኝም። አልጠየቅኋቸውም፤ ሐሳቡም አልመጣልኝም ነበር።