በጣት የተቆጠረ የመድኃኒት ስም

ልጄ መርፌ ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ስትተርፍልኝ፣ ከአራት ኪሎው ሐኪም ቤት ልንወጣ ስንል ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፦ «ይህን መድኃኒት ዳግመኛ ከተወጋች አትተርፍም። ስሙን ይወቁት። መርፌ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ይንገሩት።»

ስሙ ስትሬፕቶማይሲን ነበር። አስተርጓሚው በወረቀት ጻፈልኝ፤ እኔ ግን ቢጠፋስ፣ ዝናብ ቢያርሰውስ እያልኩ ፈራሁ። የተማርኩት የኔታ ዘንድ ንባብ እስክጀምር ብቻ ነው። እዚያ አዲስ ቃል መጀመሪያ የሚባለው በቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻ፣ በጣት እየተመታ። እንደዚያው አደረግሁት፦ ስት፣ ሬፕ፣ ቶ፣ ማይ፣ ሲን። ልጄን አዝዬ፣ እግሯን በጣቴ እየመታሁ ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ደረስኩ።

ጎረቤቴ ከደጇ ቆማ «እንደምን ዋልሽ?» ስትለኝ፣ ቃሉ እንዳያመልጠኝ ብዬ ዝም ብያት አለፍኩ።

«ኧረ በሞቴ! ሐኪም ቤት ደርሶ መምጣት እንዲህ ያኮራል?» አለች ከኋላዬ።

ተኳርፈን ስለከረምን ሐኪሙ ያለኝን አልነገርኳትም።

ክረምት ላይ ልጄን ሳል ያዛት። ማር ልገዛ ፒያሳ ደርሼ ስመለስ ቤቴ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አገኘሁ። ያቺው ጎረቤቴ ሳሏን ሰምታ፣ አንጀቷ አልችል ብሎ ጠርታው፣ አጠገቡ ቆማለች። መድኃኒቱ ተቀድቷል።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

«የሳል ነው፣ እትዬ። አይፍሩ።»

እጁን ያዝኩት።

«ይልቀቁኝ እንጂ! ልጅ የሚገድለው እንዲህ ያለ የእናት ፍራቻ ነው።»

ስሙን በአንድ ትንፋሽ ልለው ሞከርኩ። «ስትሬም... ስትሬ...» ምላሴ ተሳሰረ። እጁን ሳልለቅ በሌላው እጄ ግድግዳውን መምታት ጀመርኩ።

«ስት። ሬፕ። ቶ።»

ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ።

«ማይ። ሲን» አለች ልጄ ከአልጋው ላይ፣ በቀጭን ድምፅ። ጸጉሯን ስሠራት ሁልጊዜ የምለውን ይዛዋለች። «እሱ ከሆነ አይወጓት፤ ሐኪሙ ዳግመኛ ከተወጋች አትተርፍም ብሎኛል» አልኩት።

ድሬሰሩ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ እንደ እኛው እየቆራረጠ አነበበው። ከዚያ የቀዳውን መሬት ላይ አፈሰሰው። ጎረቤቴ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ከሰላምታ በፊት «ስት፣ ሬፕ» ትለኛለች፣ እየሳቀች። እኔ ግን «ቶ፣ ማይ፣ ሲን» ብዬ እስክጨርስ ድረስ ሳቅ አይመጣልኝም።