የመምህር ኦይታ ሁለተኛ ሞተር

ኦይታ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ አርባ ምንጭ ወርዶ፣ የሳይንስ መምህር ሆነ። ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አይወድም። በ1970 ዓ.ም. አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ነጭ፣ ባለ አራት በር የቤት መኪናውን በርካሽ ሸጠለት።

«ይቺ የመኪና ዓይነት በትንሽም በትልቅም ሞተር ትሠራለች» አለው ቁልፉን ሲያስረክበው። «እኔ ትንሹን፣ ባለ ሺህ መቶ ሲሲውን መረጥኩ። ነዳጅ አትጠጣም። ለከተማ ትበቃሃለች።»

ለከተማም የበቃችው በጭንቅ ነው። ኦይታ ሚስቱን አገርነሽንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ገበያ ወደ ላይኛው ወደ ሼቻ ሲወጣ፣ በሁለተኛ ማርሽ የጀመረውን ዳገት በአንደኛ ይጨርሰዋል። ሜዳው ላይ ግን ደህና ናት። ነዳጅ በኩፖን በሆነበት በዚያ ዘመን የሳምንቱ ድርሻው ተርፎት ያድር ነበር።

ችግሩ የመጣው አባቱ ሲታመሙ ነው። ሽማግሌው ሽንታቸው ተዘግቶ ሆስፒታል ገቡና ቱቦ ተደረገላቸው። ቱቦው እንዳይዘጋ በየሦስት ሳምንቱ አርባ ምንጭ እየወረዱ ማስቀየር ነበረባቸው። በተጨናነቀ አውቶቡስ መሄድ አይችሉም። ስለዚህ ኦይታ ራሱ ጨንቻ እየወጣ ያወርዳቸዋል፣ መልሶም ያደርሳቸዋል።

መውረዱ አያስቸግርም። መውጣቱ ግን ፈተና ነው። መንገዱ ከሜዳው ተገንጥሎ ተራራውን ሲይዝ ራዲያተሩ ሁለቴ ይፈላል። ኦይታ ቆሞ ያበርዳል፣ ከጀሪካን ውኃ ይጨምራል፣ ይቀጥላል። ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበቷ ጭራሽ ይከዳታል።

«ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል» አላት አገርነሽን አንድ ቀን። «ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ትንሿ ሞተር ደግሞ መጀመሪያም አቅም የላትም።»

አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ቀጥ አለች። ኦይታ ፍሪሲዮኑ እስኪሸት ድረስ ሞከረ። አባቱ በሩን ከፍተው ወረዱ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እኔ ስወርድላት ትወጣለች።»

እውነትም ወጣች። ኦይታ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ አባቱ የሽንታቸውን ከረጢት በጋቢያቸው ሸፍነው፣ በዱላ እየተደገፉ ወደ እሱ ሲወጡ ተመለከተ። ወደ እሳቸው መውረድ ፈልጎ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ስለማይዝ መኪናዋን ትቶ መሄድ አልቻለም። እግሩን ፍሬን ላይ እንዳደረገ ጠበቃቸው።

ሰኞ ዕለት ሲቀላ ወዳለው የገነነ ጋራዥ ሄደ። ገነነ ኮፈኑን ከፍቶ እንኳ አላየም።

«ይሄ የሜዳ ሞተር ነው፣ መምህር። ቢጠገንም ያው ነው። እኔ ጋ ከተገለበጠች መኪና የወጣ ባለ ሺህ አምስት መቶ አለ። የራሷ ዓይነት ስለሆነ ልክክ ይልላታል።»

በሁለት ቀን ቀየረው። በቀጣዩ ጉዞ መኪናዋ የጨንቻን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትፈላ ወጣች። አባቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ገደሉን ወደ ታች እያዩ፣ «ዛሬስ ሌላ መኪና ነው ይዘህ የመጣኸው» አሉ። አዲሱ ሞተር ነዳጁን ስለሚጨርሰው ኦይታ የሳምንቱን ኩፖን ሁሉ ለጨንቻ አድርጎ፣ ትምህርት ቤት በእግሩ መሄድ ጀመረ። ይህ ግን አልከበደውም።

አራት ጊዜ ተመላለሰ። ሚያዝያ ላይ ቦሎ ለማሳደስ መኪናዋን ወደ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ወሰዳት። የሚመረምረው ፈቃደ ነበር፤ ከጎጃም ተሹሞ የመጣ፣ ልጁን ኦይታ የሚያስተምርለት ሰው። ፈቃደ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየ፤ አልገጠመም። መዝገብ አገላበጠ። ሞተሩ የወጣባት የተገለበጠች መኪና በመንግሥት የተወረሰች ሆና ተገኘች። ገነነ ይህን አላወቀም፤ ኦይታም አልጠየቀም።

«ጓድ ፈቃደ፣ አሮጌው ሞተር ጋራዥ አለ። ዛሬውኑ ልመልሰው።»

«የመንግሥት መሆኑ ከተመዘገበ በኋላ ብሎን እንኳ ማስነካት አልችልም። ከአዲስ አበባ ደብዳቤ እስኪመጣ እዚህ ትቆማለች።»

«አባቴ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ መውረድ አለባቸው።»

ፈቃደ መዝገቡን ዘጋ። «አውቃለሁ፣ መምህር። ብለቃት አንተም እኔም እንታሰራለን። ማመልከቻ ጻፍ፤ እኔ አስቸኳይ ብዬ እልከዋለሁ።»

ኦይታ ጻፈ። ፈቃደም ቃሉን ጠብቆ ላከ። ከዚያ በኋላ ኦይታ በየቀኑ ከትምህርት ሲወጣ በቢሮው አጥር በኩል ያልፋል። ፈቃደ በመስኮት ያየውና ራሱን ይነቀንቃል፤ አልመጣም ማለቱ ነው። አሥራ ሁለቱ ቀን አለፈ። ኦይታ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ለምኖ የፊት ወንበር አስያዘ፤ ግን በዚያው ሳምንት ዝናቡ መንገዱን ናደው።

ቱቦው መዘጋቱን የሚገልጽ መልእክት የደረሰው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። የመንደሩ ሰዎች ሽማግሌውን በቃሬዛ ይዘው መውረድ ጀምረዋል። ኦይታም በእግሩ ሽቅብ ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲገናኙ አባቱ በትኩሳት ይንቀጠቀጡ ነበር።

«መኪናዋስ?» አሉት።

«ቢሮ ነች፣ አባዬ።»

«ጎበዝ ነበረች» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኦይታ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተቀበለ። ከናዳው በታች አንድ የጭነት መኪና አገኙና ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገብቶ ስለነበር በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ፈቃደ ለቅሶ መጣ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየና ተነሣ። ኦይታ እስከ በር ሸኘው። አልተቀየመውም፤ ሊቀየም ቢፈልግ እንኳ ማንን እንደሚቀየም አያውቅም ነበር።

ደብዳቤው ከአራት ወር በኋላ መጣ። ሞተሩ ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን፣ መኪናዋ ለባለቤቷ እንድትመለስ ይላል። መኪናዋን በገመድ ጎትተው ጋራዥ አስገቧት፤ ገነነም አሮጌውን ሞተር መልሶ ገጠመላት።

«ሽጣት» አለችው አገርነሽ።

«ማን ይገዛታል? ዳገት አትወጣም።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ልጆቹን ጭኖ ወደ ሲቀላ ይወርዳል። ወደ ጨንቻ ግን ብቻቸውን የቀሩትን እናቱን ሊጠይቅ የሚሄደው በአውቶቡስ ነበር።