ሀቡብና የወንድሜ ቡና

ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ቀና ብል፣ በስተደቡብ ሰማይ የለም። በሰማዩ ፈንታ ቡናማ ግድግዳ ቆሞ ወደ ሰፈራችን ወደ ጀብራ ይመጣል። ሀቡብ ነው፤ ካርቱምን በጠራራ ፀሐይ የሚያጨልማት የአቧራ ማዕበል። ልጄ ደግሞ ጣሪያ ላይ ናት። ያ ጣሪያ ዳር ዳሩ መከለያ የለውም።

የወጣችው ለቡናው ነው። ወንድሜ አገር ቤት ደጋው ላይ የቡና ማሳ አለው፤ በየዓመቱ አንድ ጆንያ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ይልክልኛል። እኔ ፈልፍዬ፣ ቆልቼ፣ መንገድ ዳር እያፈላሁ ልጄን አሳደግኩበት። ዘንድሮ ግን ጆንያውን መንገድ ላይ ዝናብ አገኘው። እርጥብ ቡና ደግሞ ዝም ካሉት ይሻግታል። ጣሪያው ላይ ሸራ ዘርግቼ አሰጣሁት፤ ልጄ እየወጣች ታገላብጠዋለች።

አገር ቤት፣ እኛ ዘንድ፣ ቡና እንደ አራስ ነው የሚጠበቀው። ቀይ ቀዩን ለቅመን ከፍ ካለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እናሰጣለን። ከዚያ ማገላበጥ ነው እንግዲህ! ፍሬው ጆሮ ሥር ሲወዘወዝ ካልተንኮሻኮሸ አይነሳም። ደመና ያየ ሰው «ቡናው!» ብሎ ከጮኸ፣ የሚበላው ጉርሻውን ጥሎ፣ የምታጠባዋም ልጇን እንደታቀፈች ወደ አልጋው ይሮጣሉ። ይህንኑ ለልጄም አስተምሬያታለሁ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

«ውረጂ» ልላት አፌን ስከፍት «ቡናው!» የሚል ወጣኝ።

«ሓድር ዩማ!» አለች እሷ፤ በዐረብኛ «እሺ እማ» ማለቷ ነው። ሸራውን በአራቱም ጫፍ ሰብስባ ልትሸከም ጎነበሰች።

«ተይው! ውረጂ!»

«አሁን አይደል ቡናው ያልሽኝ? አንዱን ምረጪ እንጂ!»

ነፋሱ ደረሰ። ሸራው እንደ ጃንጥላ ተነፋና ልጄን ወደ ጣሪያው ጠርዝ ይጎትታት ጀመር። እኔ መሰላል መውጣት የምፈራ ሴት ነኝ፤ እንዴት እንደወጣሁ ዛሬም አላውቀውም። በእንብርክኬ ሄጄ ቀሚሷን ጨበጥኩ።

«ልቀቂው!»

«የአጎቴ ልፋትስ?»

«አጎትሽ ሌላ ቡና ይለቅማል፤ እኔ ሌላ አንቺን ከየት ልለቅም?»

ለቀቀችው። ጀንፈሉ እንደ በረዶ ሰፈሩ ላይ ዘነበ። ከታች ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን በዐረብኛ ስትጮህ ሰማኋት፤ «ያ ሐበሺያ! ጭንቅላቴን ፈለፈልሽው እኮ! በስኒ ስጪኝ እንጂ!» በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ሳቄ መጣ። አፌን ብከፍተው አቧራ ሞላው።

እኔ ከሥር፣ እሷ ከላይ ሆነን፣ እግሯን በእጄ እየመራሁ አወረድኳት። ክፍላችን ገብተን በሩን ዘጋሁ፤ ከሥሩ ባለው ክፍተት እርጥብ ፎጣ ጠቀጠቅኩበት። የልጄ ሽፋሽፍት ሳይቀር አቧራ ለብሷል።

«እማ፣ ፊትሽን ብታዪው! ጡብ መስለሻል» ብላ በሳቅ ተንከተከተች።

እኔ የእሷን ትከሻ፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን ዳበስኩ። ውጭ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ነፋሱ ያፏጫል። ያፏጭ። ልጄ አጠገቤ ናት፤ ቤታችን ገብተናል፤ ደኅና ነን።