ጣታችሁን አውጡ

ከዓረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ እጄን ሰው ፊት አላወጣም። ነጠላ ከሌለኝ በሹራቤ እጅጌ እሸፍነዋለሁ። እዚያ ሳለሁ አሠሪዬ ምግብ ከመንካቴ በፊት እጄን በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ ታስነክረኝ ነበር፤ አጠገቤ ቆማ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ "በቃ" እስክትል ድረስ። ቆዳው እየተላጠ ሲድን ነጭና ቀይ ሆኖ ቀረ። ከመልኩ ይልቅ የሚያስጠላኝ ግን ያልለቀቀው የበረኪና ሽታ ነው። ሌላ ሰው አይሸተውም ይሉኛል። እኔ እንጀራ ስቆርስ ይሸተኛል፤ ወደ አፌ ሳቀርበው ሆዴ ይገለበጣል። ከስቼ ቀሚሴ ከላዬ ሊወልቅ ደርሷል።

ስለዚህ ቦንጋ ውስጥ ከስደት ለተመለሱ ሴቶች የጭንቀት ምርመራ አለ ሲባል ማንም ሳይጎተጉተኝ ሄድኩ። ወረቀት ይሞላል፤ ነጥቧ ከፍ ያለ ሴት ሆስፒታል ካለችው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋር ትገናኛለች ተባለ። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ወረቀት መሙላት አያቅተኝም። ከመናገር ደግሞ መጻፍ ይቀለኛል።

የተሰበሰብንበት አዳራሽ ጠዋት በበረኪና ታጥቦ ነበር። በአፌ እየተነፈስኩ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከደካና ከቢታ ገነት ከተሞች የመጡ ሴቶችም ነበሩ። አጠገቤ የነበረችው ከሺሺንዳ የመጣች፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል ሴት ናት። የታደለንን ብስኩት ከፍታ "እኔን የሚያድነኝስ ይሄ ነው" አለችኝ በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ።

ጥያቄውን ይዞ የመጣው ከሌላ ከተማ የተላከ ወጣት ነበር፤ ሸሚዙ ጥሩ ተተኩሷል። ግማሾቹ ማንበብ እንደማይችሉ ሲነግሩት ወረቀት ማደሉን ተወና ራሱ ሊያነብልን ወሰነ። መልሱን በጣታችን እንድናሳይ ነገረን። ምንም የሌለባት ጣት አታወጣም፣ ትንሽ ያለባት አንድ፣ በጣም የባሰባት አራት። አብራው የመጣችው ጸሐፊ በየረድፉ እየዞረች ትመዘግባለች።

በመጀመሪያ ከደረሰብን ሁሉ የከፋውን አንድ ነገር እንድናስብ አዘዘን። የትኛውን? ባልዲው የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ከቁርስ በፊት፣ ከምሳ በፊት፣ ከእራት በፊት፣ በየቀኑ ነበር። ልጁ የሚፈልገው መኪና እንደመገልበጥ ያለ፣ ተጀምሮ ያለቀ ነገር መሰለኝ።

ስለ ሕልም ጠየቀ፤ ጣቶች ወጡ። ስለ ድንጋጤ ጠየቀ፤ ወጡ። ያለ ፈቃዳችን ገላችንን የነካ ሰው ትዝ ሲለን እንረበሽ እንደሆነ ሲጠይቅ ከፊት ያሉት የማን ጣት እንደወጣ ለማየት ዞሩ። አንዷ አውጥታ የነበረውን አጠፈች። ጸሐፊዋም "ምንም የለባትም" ብላ ጻፈችላት። ልጁ ብስኩት እያኘከ ነበር። ፍርፋሪው ከከንፈሩ ጥግ ተጣብቆ ስለ ሰው ገላ ይጠይቃል። ደሜ ፈላ ብል ውሸት ነው፤ አንገሸገሸኝ።

እኔ እጄን አላወጣሁም። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ መልሼ ሸፈንኩት። ጸሐፊዋ እኔ ጋ ስትደርስ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ታልፋለች።

ነጥቡ ሲደመር ልጁ ወደ እኔ እያመለከተ ከሁላችንም ጤነኛዋ ይህች እህታችን ናት፣ ጥንካሬ ማለት እንዲህ ነው ብሎ አስጨበጨበልኝ። ሆስፒታሉ ቀረ ማለት ነው።

የሺሺንዳዋ ሴት አላጨበጨበችም።

"የኔ ጌታ፣ ይህች ልጅ እኮ እጇ ከነጠላዋ ውስጥ ነው የዋለው። ምኗን አይታችሁ ነው?"

"ቢኖርባት ታወጣ ነበር፣ እናቴ።"

"አፍራስ ቢሆን?"

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ተነሳሁ።

"ወረቀቱን ይስጡኝ" አልኩ። ስላልተሰማ ደገምኩት። "ማንበብ እችላለሁ። ራሴ እሞላዋለሁ።"

ተደምሮ አልቋል አለኝ። ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ቆምኩ። የሺሺንዳዋም ሴት ተነስታ አጠገቤ ቆመች። በመጨረሻ አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። እስክሪብቶ ለመያዝ እጄን ማውጣት ነበረብኝ። አወጣሁት። ቁጥሮቹን አከበብኩ። የከፋውን ክስተት እንድገልጽ የተተወልኝ ቦታ አንድ መስመር ነበር። ስለ ባልዲው ጀመርኩ፤ አልበቃኝ ሲል ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሞላሁት።

ልጁ ሲቀበለኝ ወረቀቱን ጥጉ ላይ በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘው። ምናልባት ቀለሙ እንዳይነካው ብሎ ይሆናል። አሠሪዬም ያጠብኩትን ሳህን የምታነሳው እንዲያ ነበር። ጀርባውን አየና ይሄ ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም አለ። ፊተኛውን ገጽ ደምሮ ግን ማክሰኞ ሆስፒታል እንድቀርብ ጽፎ ሰጠኝ።

ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። የሺሺንዳዋ ሴት ተከትላኝ መጥታ ነጠላዬን ሰብስባ ያዘችልኝ።

"ለዚህኛውስ ስንት ጣት ይሰጡሽ ይሆን?" አለችኝ።

መሳቅ አልቻልኩም። ማክሰኞ ግን ሄድኩ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዛሬ ምን እንደበላሁ ነበር።

"ምንም" አልኳት።