የእህታቸው ልጅ ነኝ ያልኩ ቀን

ከባንክ የመጣው ሰውዬ «ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለዎት ዝምድና?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የእህታቸው ልጅ ነኝ» አልኩት። ምላሴ አልተደናቀፈም። ለሱብሒ ሶላት ታጥቤ የያዝኩት ውዱእ እንኳ ገና አልፈረሰም ነበር። ያን ጠዋት ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። ግማሹ ንዴት በአከራያችን ነው፤ ግማሹ በራሴ።

ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ ከአንድ ግቢ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተን መኖር ከጀመርን ስድስተኛ ዓመታችን ነበር። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ ደሴ መጥቶ የሚያድረው በሳምንት አንዴ ነው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሦስት ሴት ልጆች ሰጥቶናል፣ አልሐምዱሊላህ። በዚያ ዓመት ትልቋ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበረች። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ፈተናዋን እስክትጨርስ ከዚያ ግቢ ሳንነቃነቅ መቆየት። ልጄ ጎበዝ ናት፤ ግን ሲያዋክቧት የምታውቀው ሁሉ ይጠፋባታል። በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥተን ከተመለስን በኋላ ለወራት ደብተር መክፈት ጠልታ ነበር። ሁለተኛ እንዲያ እንድትሆን አልፈለግኩም።

አከራያችንን ግቢው በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከሚስታቸው ጋር ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ኮምቦልቻ ላይ የብረታ ብረት ሥራ አላቸው፤ በርና መስኮት ያሠራሉ። ጦርነቱ ጊዜ እኛ ከከተማ ስንወጣ እሳቸው አልወጡም። ተመልሰን ቤታችን ባዶ ሆኖ ሳገኘው የስፌት መኪናዬ ሄደች ብዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሼ ወደ ጓዳቸው ገቡና በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው መጡ። መኪናዬ ነበረች። ከማገዶ ክምር ሥር ደብቀዋት ነው። ቤት ያልነበርንበትን ጊዜ ኪራይም አልጠየቁንም። ይህን አልክድም። የሰው ውለታ የሚክድ የአላህንም ይክዳል።

ውለታው ነው ያስዋሸኝ።

ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ጋሼ ደጄ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ነገ ከባንክ ሰዎች ይመጣሉ። ለሥራዬ ብድር ላስጨምር ነው። ቤቱን አይተው፣ ለክተው ይሄዳሉ።»

«አላህ ያግራልዎት፣ ጋሼ።»

«አንዲት ነገር አለች። ካርታው እነሱ ጋ ነው። ያለ እነሱ ፈቃድ ማከራየት አይቻልም ይላል ውሉ። ከጠየቁሽ የእህቴ ልጅ ነኝ በያቸው።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ሳቁብኝ። «ስድስት ዓመት በአንድ በር ገብተን ወጥተን ዘመድ ካልሆንን መቼ ልንሆን ነው? ልጆችሽስ አባባ አይደል የሚሉኝ?»

«እሱስ ይሉዎታል።»

«አብሽሪ በቃ። የአንድ ቃል ነገር ናት።»

እኛ አገር ዝምድና እንዲህ ነው። ጎረቤት አክስት ይሆናል። ያለሥጋ አጎት አለ፣ ያለሥጋ እህት አለች። ሙስሊምና ክርስቲያን አበልጅ ይባባላል። አብሮ የኖረን ሰው ዘመዴ ነው ማለት ውሸት አይመስለንም፤ እንዲያውም እንግዳ ነው ማለት ነው የሚያሳፍረን። ጋሼ ይህን ያውቃሉ። በዚያ በር ነው የገቡብኝ።

ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ሜትር ይዟል፣ አንዱ ፎርም። ሻይ አፈላሁላቸው። ሜትር የያዘው «እስቲ ጫፉን ያዢልኝ» ሲለኝ ያዝኩለት። እየጎተተ ግድግዳ ለግድግዳ ሄደ። ፎርም የያዘው ዝምድናዬን ጠየቀ፤ መለስኩ።

«ኪራይ ይከፍላሉ?»

«ለአጎቴ?» ብዬ ሳቅሁ።

እሱም ሳቀ። ጻፈና ፈርሚ አለኝ። ፈረምኩ።

ያ ሳቅ ከውሸቱ ይብሳል። ውሸቱን ጋሼ ሰጡኝ፤ ሳቁን ግን ከራሴ ነው ያመጣሁት።

ጉንፋን ይዟት ከትምህርት ቤት የቀረችው መካከለኛዋ ልጄ አልጋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሰዎቹ እንደወጡ ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገለጠች።

«እማ፣ አባባ አጎትሽ ናቸው?»

«ተኚ።»

«አጎትሽ ከሆኑ ለምን ኪራይ እንከፍላቸዋለን?»

«ተኚ አልኩሽ!»

በሳምንቱ የጋሼ ሚስት ጎረቤቱን ለዱዓ ጠሩ። ሄድን። ምን ገጥሟችሁ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ዱዓ ላይ የሰው ጓዳ አይጠየቅም፤ አሚን ነው የሚባለው። ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ «ያረቢ፣ ለዚህ ቤት መውጫውን አሳየው» ሲሉ ከሴቶቹ ሁሉ አስበልጬ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ። የብድሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የግቢያችን የላሜራ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ሰው ተሰብስቦ ያነባል። የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ተበዳሪው ዕዳውን ስላልከፈለ በመያዣ የተያዘው ቤት ይሸጣል ይላል። የጋሼ ስም አለ። የቦታው ስፋት አለ። እኔ ጫፍ ይዤ የተለካው ነው።

ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ከባንኮኒዋ ላይ ተንጠራርታ ጠራችኝ። ጴንጤ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፤ ልቧን በኋላ ነው ያወቅኩት።

«አንቺ ሴት! የአጎትሽን ቤት ባንክ ሊሸጠው ነው አይደል?»

«የማን አጎት?»

«እኔ ምን አውቄ! ሜትር ይዘው የመጡት ልጆች ለስላሳ ሲጠጡ፣ ውስጥ ያለችው የእህታቸው ልጅ ናት ሲባባሉ ሰማሁ። ውርስ ሊደርሳት ነው ብዬ ቀንቼብሽ ነበር።»

የገዛሁትን ሽንኩርት መሬት ላይ አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ትልቁ ቤት ሄድኩ። ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ ይቆጥራሉ።

«ያውቁ ነበር?»

ቀና አላሉም። «ማስጠንቀቂያው የደረሰኝ ቀደም ብሎ ነው።»

«ከምኑ ቀደም ብሎ?»

«ሰዎቹ ከመምጣታቸው።»

«ታዲያ የመጡት ለብድር አልነበረም።»

«ለሐራጁ ሊገምቱ ነው።»

«እኔ ሻይ አፈላሁላቸው፣ ጋሼ! ሜትር ያዝኩላቸው! ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትወጪያለሽ። አንቺ ስትወጪ ሰፈሩ ምን ሆኑ ይላል። እስከዚያ ገንዘቡን አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሶብር አድርጊ፣ ልጄ።»

ሶብር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ የሚለኝ ይህንን ነው። ሶብር ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ቀብሬ አውቀዋለሁ። አላህ የወሰደውን በሶብር እቀበላለሁ። ሰው ዋሽቶ የወሰደውን ግን የወሰደው ራሱ «ሶብር አድርጊ» ሲለኝ፣ የአላህን ቃል ለገመናው መሸፈኛ እያደረገው ነው። እንዲህ ብዬ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ሽንኩርቴን አንስቼ ገባሁ።

ቤታቸውን ማጣታቸው አላናደደኝም። ማጣት ለሁሉም አለ። ሥራቸውም በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ እንደነበር አውቃለሁ። የተናደድኩት በሁለቱ ወር ነው። ያኔ በነገሩኝ ኖሮ እዚያው ሆጤ፣ ልጄ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ረጋ ብዬ ቤት እፈልግ ነበር። ጊዜዬን ነው የወሰዱብኝ። የልጄን ጊዜ። አሁን ደላላ ተከትዬ ስዞር አንዱ ቤት የማንችለው ነው፤ አንዱ ውሃ የለውም፤ አንዱ ባለቤት «ሦስት ልጅ?» ብሎ በሩን ገርበብ ያደርገዋል።

ሐራጁ ተካሄደ። ቤቱን የገዙት ከኩታበር የመጡ እህል ነጋዴ ሴት ናቸው። ከባንኩ ነገረ ፈጅ ጋር ሊረከቡ መጡ። እኛ ግቢው ውስጥ ቆምን፤ ጋሼ፣ ሚስታቸው፣ እኔ። ጎረቤቴም ሱቋን ዘግታ በሩ ላይ ቆማለች። ነገረ ፈጁ ቤተሰቡ በአሥር ቀን ውስጥ ለቆ ይወጣል አለ። ፈተናው አንድ ወር ይቀረዋል።

«እኔ ቤተሰብ አይደለሁም። ተከራይ ነኝ» አልኩ። «ልጄ ፈተና አለባት። እንደ ተከራይ ጊዜ ይሰጠኝ።»

ነገረ ፈጁ ፋይሉን ገለጠ። «እዚህ ላይ የእህት ልጅ ነኝ፣ ኪራይ አልከፍልም ብለዋል። ፊርማው የእርስዎ አይደለም?»

«ፊርማው የኔ ነው። ቃሉ ውሸት ነው። ዋሽቼ ነው።»

በሰው ፊት እንዲህ ማለት ምን እንደሚመስል ያለፈበት ያውቀዋል። ገዢዋ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ያኔ ከዋሸሽ፣ አሁን እውነት መናገርሽን በምን ልወቅ?»

ልክ ናቸው። ውል የለኝም። ስድስት ዓመት ኪራዩን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሰጠሁት፤ ከጋሼ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መስሎኝ። አንድ ሰው ብቻ ነው ሊያድነኝ የሚችለው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይናገሩ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ተከራዬ ናት ካሉ ባንኩን ማታለላቸውን በአፋቸው ማመናቸው ነው። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

«እሷ ልጄ ናት» አሉ።

በሌላ ቀን ቢሉኝ አልቅሼ እጃቸውን እስም ነበር። ያን ቀን ግን ከዚህ የከፋ ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም።

«ልጅዎ አይደለሁም» አልኩ። ድምፄ ግቢውን ሞላው። «ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ኪራይ የምሰጥዎት ሰው ነኝ። ያለፈውንም ወር ሰጥቻለሁ። በአላህ፣ እንዲያ ብለው ይናገሩ!»

ሙስበሃቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። ሚስታቸው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

«እኔ እመሰክራለሁ!» አለች ጎረቤቴ ከበሩ። «ተከራይ ናት። ውርስ እንደማይደርሳትማ ዛሬ አየሁ!»

ነገረ ፈጁ ሳቁን ዋጠ። «እናት፣ ፋይሉ ላይ የለም» አላት።

ገዢዋ ግን ጥቂት አሰቡ። «አሥራ አምስት ቀን» አሉ። «ከዚያ በላይ እኔም አልችልም። እኔም ገንዘቡን ዝም ብዬ አላገኘሁትም።» አምስት ቀን የጨመሩልኝ የማያውቁኝ ሴት ናቸው። የሚያውቁኝ ዝም ብለውኝ። አላህ ይስጣቸው።

አሥራ አምስት ቀን ለፈተናው አልበቃም። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ክፍል አገኘ። ማታ ዕቃ ስቋጥር ጎረቤቴ ሳታንኳኳ ገባች።

«ትልቋ የትም አትሄድም» አለች። «እኔ ጋ ትቆያለች። እኔ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ እሷ ትስገድ፤ ቤቱ ለሁለታችንም ይበቃል።»

«አስቸግርሻለሁ...»

«አንቺ እኮ የባለ ፎቅ ዘመድ ነሽ፤ በኋላ ትከፍይኛለሽ!»

ያን ቀን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ዕቃችን ተጭኖ ልንነሳ ስንል ጋሼ መጡ። የእሳቸውም ዕቃ በረንዳው ላይ ተቆልሏል። ያረጁ መሰለኝ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

«ስለ ቤቱ አውፍ ብያለሁ። ስለ ስፌት መኪናዬም አመሰግናለሁ፤ እስክሞት አልረሳውም።»

«ስለ ሌላውስ?»

«እኔም ያን ቀን ስለ ዋሸሁት አውፍ ገና እየጠየቅኩ ነው፣ ጋሼ። የራሴ ሲያልቅ የእርስዎን አስባለሁ።»

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። ሁለቱ ትንንሾቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የትልቋ ቦታ ባዶ ነበር።

ልጄ ተፈተነች። አለፈች፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጎረቤቴን አላህ በልጆቿ ይካሳት። ግን የፈተናዋ ቀን ጠዋት ቁርሷን ያበላኋት እኔ አይደለሁም። ጫማዋን ያሰርኩላት፣ ዱዓ አድርጌ ከደጅ የሸኘኋት እኔ አይደለሁም። ይህ አይመለስም። ጋሼ ገንዘብ ቢወስዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

የኮምቦልቻዋ አከራያችን ደግ ሴት ናቸው። ገና በገባን ማግስት ለልጆቹ ሙዝ ይዘው መጡ። ውል እንጻፍ ስላቸው ቅር አላቸው።

«ምን ውል አለው? እኛ ቤት ተከራይ አይባልም። አንቺ ልጃችን ነሽ።»

አፋቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ተከራይ ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። «እንዲያ ብለው ይጻፉልኝ። ሙዙን ከዚያ በኋላ አብረን እንበላለን።»