ተናኜ ያልቀየረችው መልስ

ተናኜ ባዬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ክረምት፣ የውጭ አገር የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሩቅ ጋላክሲዎችን ፎቶ በቅርጽ የሚለዩላቸው በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልጉ አነበበችና ተመዘገበች። ኔትወርክ ሲጠፋባት ሚኒባስ ተሳፍራ ቡሬ ትሄዳለች፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሠራው የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ገነነ ኮምፒውተሩን ይለቅላታል።

ከፎቶዎቹ አንዱ ደብዛዛ ክብ ብርሃን ነበር። አሥራ አንድ ሰው «ድቡልቡል» ብሎ አለፈው። ተናኜ ግን «የምስር ቅርጽ» ብላ ሞላች። በሳምንቱ የጥናቱ አስተባባሪ ጻፈላት፤ የተለየችው እሷ ብቻ ስለሆነች መልሷን እንድታስተካክል።

«ኧረ ተይ ተናኜ» አለ ገነነ፤ «ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንቺ ልክ ልትሆኚ ነው?»

«ሰዎቹን አትቁጠርብኝ፤ ብርሃኑን እንለካ።»

ከገበያ ከገዛችው ምስር አንዷን ፍሬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት። «ከላይ ስታያት ኳስ አትመስልም?» በጎኗ አቆመቻት። «አሁንስ?»

ገነነ ጎንበስ ብሎ አያት። «ዝርግ ናት።»

ሦስት ቅዳሜ ተመላልሳ ብርሃኑን ከመሃል እስከ ዳር ነጥብ በነጥብ ለካች። መሃሉ ቶሎ ይደበዝዝና ዳሩ ላይ እንደ ዝርግ ሳህን ይንጣለላል። ሠንጠረዡን አያይዛ «አልቀይርም፤ እናንተ ተመልከቱት» ብላ ላከች።

ሰባት ወር ሙሉ መልስ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ፊት «የፈረንጅ ሰማይ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» እያሉ ሲያሾፉባት ከረሙ።

«ሰማዩ የፈረንጅ ነው ያለዎት ማነው?» ትላቸዋለች።

ከዚያ መልሱ መጣ። በትልቅ ቴሌስኮፕ ደግመው ሲያዩት፣ ያ ብርሃን ጥቂት ያዘነበለ ሳህን ሆኖ ይሽከረከራል። በዚያ ርቀት፣ ብርሃኑ ስምንት ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ በደረሰበት፣ የምስር ቅርጽ ያለው ጋላክሲ እናገኛለን ብለው አልጠበቁም ነበር። የጥናቱ ረቂቅም አብሮ ተልኳል። መጨረሻው ላይ «አንዲት ኢትዮጵያዊት በጎ ፈቃደኛን እናመሰግናለን» ይላል።

ገነነ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ተናኜ ግን ፊቷ አልተፈታም። «ስም አለኝ» ብላ ጻፈች፤ «ልኬቱን ማን እንደሠራው ይጻፍ።»

«ይቅርብሽ፣ ጭራሽ እንዳይሰርዙሽ!»

«ይሰርዙኝ። ስሜ ሳይጠራ አልመሰገንም።»

በአሥረኛው ቀን የታረመው ረቂቅ ደረሰ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች ተርታ፣ ስድስተኛው ላይ፣ «ተናኜ ባዬ፣ ፍኖተ ሰላም» የሚል ሰፍሯል። አትማ የመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ርዕሰ መምህሩ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ነው ብለው አነሱት። በማግስቱ ሁለት እጥፍ አሳድጋ አሳተመችና እዚያው ቦታ ለጠፈች። እስካሁን የነካው የለም።